ደረሳቸው

እትዬ አሰፋሽ ለተከራዮቻቸው ካወጧቸው ሕጎች ሁሉ እስከ ዛሬ አብሮኝ የቀረው የምስማሩ ነው። ከቀትር በኋላ ውኃ አይቀዳም፤ ከመሸ በኋላ እንግዳ አይገባም፤ ግድግዳ ላይ ምስማር አይመታም። ሁለቱን አንዳንድ ጊዜ ራሳቸውም ይዘነጓቸው ነበር። የምስማሩን ግን በመጡ ቁጥር ወደ ውስጥ ዘለቅ ብለው ግድግዳውን በመዳፋቸው እየዳበሱ ያረጋግጡ ነበር፤ ትኩሳት ያለበትን ልጅ ግንባር እንደሚዳብስ ሰው። ስለዚህ ከኢምፔሪያል ወደ ገርጂ ገባ ብሎ በሚገኘው በዚያ ግቢ፣ ከዋናው ቤት ጀርባ በተደረደሩት ክፍሎች የምንኖር ሰዎች ልብሳችንን በሻንጣ ከትተን፣ ፎቶግራፋችንን ጠረጴዛ ላይ አስደግፈን፣ ቦርሳችንን በበሩ እጀታ ላይ አንጠልጥለን ነበር የምንኖረው። ነገ ተነሡ ብንባል ግድግዳው እኛን አያውቀንም ነበር።

የመጨረሻዋ ክፍል የእኛ ነበረች። አባቴ ዓለምሰገድ በአንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበር። እናቴ ስመኝ በመስኮቱ ሥር በተቀመጠችው የስፌት መኪናዋ ለኢምፔሪያል ሱቆች የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋ ነበር። ከእኛ ቀጥሎ ባለችው ክፍል ጋሽ ገብረሰንበት ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር ናቸው፤ ባለቤታቸው ከሞቱ ቆይቷል፤ ጉልበታቸው አልታዘዝ ብሏቸው በከዘራ ነበር የሚንቀሳቀሱት። አባቴ በየማለዳው ውኃቸውን ቀድቶ ደጃቸው ላይ ያስቀምጥላቸዋል። እሳቸው ደግሞ ከትምህርት ቤት ስመለስ ጠብቀው የወንዝ ስም ይጠይቁኛል። ካላወቅሁት «እንግዲህ ውኃው ሳይገባሽ ባሕር ገባ» ይሉኛል።

ሁለተኛ ክፍል ነበርሁ። በዚያ ዘመን የኮንዶሚኒየም ቤት ዕጣን በሚመለከት ከወላጆቼ አፍ የማይጠፋ አንድ ቃል ነበረ፤ «ተመዝግበናል»። እንግዳ መጥቶ ቤት ሲጠብ አይቶ ሲያዝን፣ ዘመድ ስልክ ደውሎ ስለ ኑሮ ሲጠይቅ፣ መልሱ አንድ ነው። ለእኔ ተመዝግበናል ማለት የሰፈር ስም ያህል ነበር፤ ገርጂ እንደሚባለው፣ ጎሮ እንደሚባለው፣ ሩቅ ያለ ግን ታክሲ የሚሄድበት። የክፍል ጓደኛዬ ወደፊት የት እንደምንኖር ጠይቃኝ «ተመዝግበናል» ብዬ መልሼላታለሁ። እሷም «እኛም» ብላኝ ጎረቤት ልንሆን መሆኑን አስበን ደስ ብሎናል።

አንድ ቅዳሜ ማለዳ ከቧንቧው ሥር ካልሲዬን እያጠብሁ እትዬ አሰፋሽ በአጥሩ በኩል ከጎረቤታቸው ጋር ሲያወሩ ሰማኋቸው። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነበር፤ ዝቅ ያለው ድምፃቸው ግን ከሌላ ሰው ጥሪ አያንስም።

«ደረሳቸው» አሉ። «ሰሚት። አራተኛ ፎቅ።»

ጎረቤቲቱ ለማን እንደሆነ ሳትጠይቅ አልቀረችም።

«እዚሁ፣ ከኋላ ያሉት ናቸዋ። ዝም ብለው ኖረው ኖረው፣ ደረሳቸው።»

ካልሲዬን ሳሙና እንደ ያዘ ትቼ ሮጥሁ። ከኋላ ያሉት እኛ ነን። ዝም ብለን የኖርነውም እኛ ነን፤ በዚያ ግቢ ውስጥ ከእናቴ የበለጠ ዝምተኛ አልነበረም።

የስፌት መኪናዋ ቆማ ነበር። እናቴ ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ፣ ግማሹ የተሰፋ ሰማያዊ ሸሚዝ እጇ ላይ እንዳለ፣ ወደ ግድግዳው ትመለከት ነበር። አባቴ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ጫማውን ያስራል፤ ያሰረውን ፈትቶ እንደገና ያስራል።

«አባዬ፣ ቤቱ ደረሰ?»

ቀና ብሎ አየኝ። «ማን ነገረሽ?»

«እትዬ አሰፋሽ።»

«አዎ፣ ደረሰ» አለ። «ሰሚት ነው።»

እጁን ራሴ ላይ አኖረና ከወትሮው ለረዘመ ጊዜ አላነሣውም። እናቴ ዘወር ስትል ዓይኗ መቅላቱን አየሁ። በዚያው ዓመት ሁለት ሠርግ ሄጄ ነበርና ትልልቅ ሰዎች ሲደሰቱ እንደሚያለቅሱ አውቅ ነበር። የእኛ ደስታ የሠርግ ዓይነት መሆኑን ወሰንሁ፤ በዚህም ኮራሁ። ቀጥሎ አባቴ እጄን ይዞ ጋሽ ገብረሰንበት ዘንድ ወሰደኝ። ሽማግሌው በከዘራቸው ተደግፈው ተነሡ፣ አባቴን አንገቱን አቅፈው ሳሙትና በጆሮው አንድ ነገር ነገሩት። «ለአንተ» የሚለውን ሰማሁ፤ የቀረው በአባቴ ትከሻና በጋቢያቸው መካከል ጠፋ። እሳቸውም ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። የሰው ደስታ እንዲህ የሚያስደስታቸው ደግ ሰው ናቸው ብዬ አሰብሁ።

ከዚያ በኋላ እሑዶቹ መጡ።

ቤተ ክርስቲያን ደርሰን ስንመለስ አባቴ ልብሱን ይለውጣል፤ ባልዲ፣ ብሩሽ፣ ያረጀ አንሶላ ይይዛል፤ እኔ ፔርሙሱን እይዛለሁ። ከኢምፔሪያል ታክሲ ይዘን ሰሚት እንወርዳለን። ያን ጊዜ ሰሚት ገና ከተማ አልሆነም ነበር። ሕንፃዎቹ በሜዳ ላይ ቆመው፣ መስኮታቸው መስታወት የገባለትም ያልገባለትም ሆኖ፣ መጥቶ የሚኖርባቸውን ሰው የሚጠብቁ ይመስሉ ነበር። ደረጃው ሲሚንቶ ሲሚንቶ ይሸታል። አባቴ አራተኛ ፎቅ ስንደርስ ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ፣ ሁልጊዜ፣ ለእኔ ይሰጠኝና እንድከፍት ይጠብቀኛል። ቁልፉ ሁለት ጊዜ ይዞራል። ለሁለተኛ ጊዜ ሲዞር የሚያሰማውን ድምፅ ዛሬ በሌላ በር ላይ ብሰማው አውቀዋለሁ።

አባቴ ቀለም መቀባት አይችልም ነበር። የጣሪያውንና የግድግዳውን ድንበር ሲያገናኝ መስመሩ ይወላገድበታል፤ ወለሉ ላይ የተንጠባጠበውን በጨርቅ ሲጠርግ የባሰ ያሰፋዋል። ግን እየዘመረ ነበር የሚቀባው። በገርጂው ክፍል አባቴ ሲዘምር ሰምቼው አላውቅም፤ ግድግዳው ስስ ነው፣ በዚህ በኩል ጋሽ ገብረሰንበት አሉ፣ በዚያ በኩል አጥሩ። በሰሚት ባዶ ቤት ውስጥ ድምፁ እየተመለሰ ይመጣለት ነበር፤ አንድ ሰው ከሌላው ክፍል የሚቀበለው ይመስል ቆም ብሎ ያዳምጠዋል።

ሁለት መኝታ ክፍሎች ነበሩት። ትንሿን የእኔ አደረግኋት። የውስጥ በሮቹ ገና አልተገጠሙም ነበርና አባቴ ሊገባ ሲፈልግ በሌለው በር ፊት ቆሞ በአፉ ያንኳኳል።

«ኳ፣ ኳ።»

«ማን ነው?»

«ቀለም ቀቢው ዓለምሰገድ ነኝ። ወይዘሪት ሀይማኖት ይኖራሉ?»

«አለሁ። ጫማዎን አውልቀው ይግቡ።»

ጫማውን በእውነት ያወልቅ ነበር። አባቴን አንቱ ያልሁት በዚያች ክፍል ውስጥ ብቻ ነው። እሱም እኔን አንቱ ይለኝ ነበር፤ ቀለሙ እንዴት እንዲሆን እንደምፈልግ በትሕትና ይጠይቀኛል፤ አረንጓዴ ስለው አንገቱን ነቅንቆ፣ ባለቤት እንዳዘዘ ነው ይላል። በሚቀጥለው እሑድ አረንጓዴ ይዞ መጣ፤ ደብዛዛ፣ የደረቀ ሣር የመሰለ አረንጓዴ።

ሥራ ስንጨርስ ባልዲውን ገልብጦ ይቀመጥበታል፤ እኔ በእግሮቹ መካከል ወለሉ ላይ እቀመጣለሁ። ዳቦ በማርማላታ እንበላለን፣ ሻይ በፔርሙሱ ክዳን እንቀባበላለን። ወደ ቦሌ የሚያርፉት አውሮፕላኖች በመስኮቱ ትይዩ ያልፋሉ፤ ከገርጂ ሁልጊዜ ከበላያችን የምናያቸው እዚህ ከጎናችን ሆኑ። የክንፋቸው ጥላ ግድግዳው ላይ የሚያልፍ ይመስለኝ ነበር፤ ዛሬ ግን አይመስለኝም። አባቴ በዚያች ሰዓት ምንም አይናገርም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ፀሐዩ ከወለሉ ላይ ወደ ግድግዳው ሲወጣ እያየ፣ «እንዲህ መቀመጥ ነው» አለ። ለእኔ ይሁን ለራሱ አላወቅሁም።

ምስማሩን የጠየቅሁት በአንዱ እሑድ ነው። እዚህ ምስማር መምታት ይቻል እንደሆነ ብዬ ነበር የጠየቅሁት፤ እትዬ አሰፋሽ ከበሩ ኋላ የቆሙ ያህል ድምፄን ዝቅ አድርጌ። አባቴ ሳቀ፤ ከዚያም ሳቁን አቁሞ ግድግዳውን ተመለከተ፣ አሰበም። ለምን እንዳሰበ ዛሬ ይገባኛል። ያን ጊዜ ግን ቦታ እየመረጠልኝ መሰለኝ።

«አንድ ይቻላል» አለ።

ከወለሉ የተጣመመ ምስማር አንሥቶ በድንጋይ አቃናው። እጄን ከበሩ መግቢያ ጀርባ ወደ ላይ አስዘረጋኝና ልክ ጣቶቼ በደረሱበት መታው። ድምፁ በባዶው ሕንፃ ውስጥ እስከ ታች ወረደ። ማንም አልመጣም። አረንጓዴ ሹራቤን አወለቅሁና ሰቀልሁት፤ ሁለታችንም ወደ ኋላ ሸሽተን አየነው። ወደ ቤት ስንሄድ ሹራቡን መልሼ ለበስሁ፤ ምስማሩ ግን እዚያው ቀረ። ሳምንቱን ሙሉ በትምህርት ቤትም በመኝታዬም ስለ እሱ አስብ ነበር፤ እኔ በሌለሁበት ቦታ የእኔ የሆነ አንድ ነገር ቆሞ ይጠብቀኛል።

እናቴ አንድም እሑድ አልመጣችም። የምትሰፋው አለባት፤ ወይ ራሷን ያማታል፤ ወይ ደረጃው ይከብዳታል። አንድ ጊዜ ልንወጣ ስንል አባቴን ወደ ውስጥ ጠርታ ዝቅ ባለ ድምፅ ስትናገረው ሰማሁ።

«ዓይኗን አታስለምዳት።»

አባቴ ልጅቷ ትጫወት፣ ምን ይጎዳል ዓይነት ነገር መለሰላት።

«የአንተንም ነው የምልህ» አለችው።

የሲሚንቶው አቧራ ለዓይን አይስማማም ማለቷ መሰለኝ። በዚያ እሑድ ደረጃውን የወጣሁት ዓይኔን አጥብቤ ነው፤ አባቴ ምን እንደሆንሁ ሲጠይቀኝ እንዳይለምድ ነው አልሁት። ብሩሹን ቀለም ውስጥ ነክሮ ረጅም ጊዜ አማሰለው።

መስከረም ላይ በሮቹ ተገጠሙ፣ መስታወቱ ገባ። ቤቱ አለቀ ተባለ። አንድ ቅዳሜ አይሱዙ መኪና ግቢያችን ድረስ ገባ። እቃ ሲጫን የጋሽ ገብረሰንበት አልጋ፣ የጋሽ ገብረሰንበት መጻሕፍት፣ የጋሽ ገብረሰንበት የዓለም ካርታ ነበር የሚወጣው። ሰው ሲረዳዳ እንዲህ ነው፣ የእሳቸውን አድርሶ የእኛን ለመውሰድ ይመለሳል ብዬ አልተጨነቅሁም። እሳቸውም ከእኛ ጋር መምጣታቸው ደስ አለኝ፤ ውኃቸውን ማን ይቀዳላቸዋል ብዬ አስቤ ነበርና። ሹራቤን ለብሼ ከአባቴ ጋር ከፊት ተቀመጥሁ።

ጋሽ ገብረሰንበት ደረጃውን በየመታጠፊያው እያረፉ ነበር የወጡት። ሦስተኛው ፎቅ ላይ ከዘራቸውን ተደግፈው ላባቸውን ጠረጉና ለአባቴ «ስንቱን ተራራ በቾክ ወጥቼዋለሁ፤ ይህ ግን በእግር ነው» አሉት። አባቴ ሳቀ። እኔ ቀድሜ ወጥቼ በሩ ላይ ጠበቅኋቸው፤ እንደ ተከፈተም ገብቼ ሹራቤን ምስማሬ ላይ ሰቀልሁ። በሩን በዚያን ቀን የከፈቱት እሳቸው መሆናቸውን ልብ ያልሁት በኋላ ነው።

አባቴና ሾፌሩ ፍራሹን ይዘው ደረሱ። ጋሽ ገብረሰንበት ትልቁ ክፍል ከሐዋሳ ለምትመጣው ልጃቸው ለሳምራዊት እንዲሆን ተናገሩ። ከዚያ በከዘራቸው ወደ ትንሿ ክፍል አመለከቱ።

«እኔን ይህቺ ትበቃኛለች። ፀሐይ አላት።»

«ይህ የእኔ ክፍል ነው» አልሁ።

ጋሽ ገብረሰንበት ፈገግ አሉ። እርግጥ ነው፣ ቀለሙን የመረጥሽው አንቺ ነሽ ተብሏል አሉኝ። እኔ ግን እሳቸውን ትቼ ወደ አባቴ ዞርሁ።

«አባዬ፣ የእኔ አልጋ የት ሊገባ ነው? የእኛ እቃ መቼ ነው የሚመጣው?»

አባቴ ፍራሹን በአንድ ጫፍ እንደ ያዘ ቆመ። በሕይወቴ ብዙ ፊቶች አይቻለሁ፤ እንዲያ ያለ ፊት ግን አልገጠመኝም። ከዓመታት በፊት የተነገረውን ነገር ገና አሁን የሰማ ሰው ይመስል ነበር። ፍራሹን ቀስ አድርጎ ግድግዳው ላይ አስደገፈ፣ እጄን ይዞ ወደ በረንዳው አወጣኝ፣ ቁና ቁና እየተነፈሰ ከፊቴ ተቀመጠ። በጥፍሮቹ ዙሪያ አረንጓዴ ቀለም ነበር። አውሮፕላን አለፈ፤ እስኪያልፍ ጠበቅን። የሚናገረው እንዳልመጣለት ሳይ እኔ ረዳሁት።

«ሰጠሃቸው?»

አረንጓዴውን ከጥፍሩ ላይ ፋቀ።

«አዎ» አለ። «ሰጠናቸው።»

«ለምን?»

«ጉልበታቸውን ያማቸዋል።»

አራተኛ ፎቅ ላይ ቆሞ የተነገረ እንዲህ ያለ ምክንያት የስምንት ዓመት ልጅን እንኳ ሊያሳምን አይገባም ነበር። እኔን ግን ቅር ያሰኘኝ ምክንያቱ ሳይሆን ሳይጠይቀኝ መስጠቱ ነበር። ሹራቤን ከምስማሩ ላይ ስመነጭቀው አንድ ክር ተመዞ እዚያው ተንጠልጥሎ ቀረ። ጋሽ ገብረሰንበት አልጋቸው ላይ ተቀምጠው ነበር፤ ወለሉን እንጂ እኔን አላዩም። ወደ ገርጂ በታክሲ ስንመለስ ከአባቴ ጎን ሳይሆን ከፊቱ ባለው ወንበር ተቀመጥሁ።

ከዚያ በኋላ ስለዚያ ቤት በቤታችን ተነሥቶ አያውቅም። እኛ ከገርጂ ወደ ጎሮ፣ ከጎሮ ወደ አራብሳ እየተከራየን፣ ከከተማው ዳር ጋር አብረን እየራቅን ሄድን። እያደግሁ ስመጣ ታሪኩን ለራሴ በአዋቂ ቋንቋ አስተካከልሁት፤ ዕጣው ደርሶን መክፈል ሳንችል ቀርተን ይሆናል፣ አባቴም ቤቱን ለሽማግሌው አሳልፎ ይሆናል አልሁ። በዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ይህን ማስረጃ እንዳለው ነገር አምኜበት ነበር። አባቴን ወደድሁት፤ አከበርሁትም። ነገር ግን በውስጤ የሆነ ቦታ እሱ ቤታችንን የሰጠ ሰው ነበር፤ ከዚያች ክፍል ወዲህ አንቱ ብዬው ከእሱ ጋር ቀልጄ አላውቅም። እሱም በአፉ አንኳኩቶ አያውቅም። ካቻምና ሞተ። ተመዝግቦ ሞተ።

ዛሬ የምኖረው ሰሚት ነው፤ በኪራይ። ለሥራዬ ስለሚቀርብ ነው ብዬ ለሰው እናገራለሁ፤ ቦሌ ባለ አንድ ቢሮ ውስጥ ሰነድ እተረጉማለሁ፣ አንድ ቃል በሌላ ቃል ቦታ እንዳይገባ ስጠብቅ እውላለሁ። አከራዬ መልካም ሴት ናት። ውላችን ላይ ግን ግድግዳ መብሳት ክልክል ነው ይላል። የአባቴን ፎቶግራፍ መደርደሪያው ላይ አስደግፌዋለሁ፤ መስኮት ስከፍት በንፋስ ይወድቃል፣ አነሣዋለሁ።

ባለፈው እሑድ እናቴ ልትጠይቀኝ መጣች። ከምሳ በኋላ መስኮቱ አጠገብ ቆማ ሕንፃዎቹን ስታይ ቆየች። ዛፎቹ አድገው ሁለተኛውን ፎቅ አልፈዋል፤ በየበረንዳው ልብስ ተሰጥቷል። የትኛው እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ በጣቴ አሳየኋት።

«ጋሽ ገብረሰንበት፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ቤቱ ሲደርሳቸው ሰፈሩ ሜዳ ነበር ይለኝ ነበር አባትሽ» አለች።

የሻይ ብርጭቆዎቹን እየሰበሰብሁ ነበር። ቀኑን ሙሉ ከቃል ጋር የሚውል ሰው ጆሮ ሳያውቀው ይነቃል።

«ለማን ሲደርሳቸው?»

«ለጋሽ ገብረሰንበት ነዋ።»

«የደረሰው ለእኛ ነው። አባዬ ነው የሰጣቸው።»

ዘወር ብላ አየችኝ። «ለእኛ መቼ ደርሶን ያውቃል፣ ሀይሚ? ማን ነው እንዲህ ያለሽ?»

«ራሱ።»

እናቴ ወንበር ስባ ተቀመጠች። እኔ ከቧንቧው ጀምሬ ነገርኋት፤ ካልሲውን፣ አጥሩን፣ ከኋላ ያሉትን። መጀመሪያ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች፤ ቀጥላ ሳቁ ፊቷ ላይ እንዳለ ብርጭቆዎቹን ከእጄ ተቀበለች። በእኛ ቋንቋ አንድን ሰው ስናከብረው እናበዛዋለን። ደረሳቸው። አንድ ሽማግሌ በከዘራቸው፣ ወይም ሦስት ሰዎች በአንዲት ክፍል፤ ቃሉ አይለያቸውም፣ የሚለያቸው የሰሚው ምኞት ነው። በዚያ ቅዳሜ ማለዳ አባቴ አልዋሸኝም ነበር። ቤቱ ደረሰ ወይ ብዬ ጠየቅሁት፣ ደረሰ አለኝ። ሰሚት ነው አለኝ። ጋሽ ገብረሰንበት በጆሮው የነገሩትን እናቴ ታውቅ ነበር፤ እሱ ነግሯታል። «ለአንተ በሆነ» ነበር ያሉት።

ደረጃ መውጣት ስለሚከብዳቸው ቤቱን ላሰናዳልዎ ያላቸው አባቴ ነው። ክፍሌ፣ ምስማሬ፣ አልጋዬ እያልሁ ስናገር ጨዋታ መስሎት ነበር። እንደ ልጅ ጨዋታ ተቀብሎ፣ ጫማውን አውልቆ፣ ተጫወተልኝ። ምስማሩንም በኋላ ለጋሽ ገብረሰንበት ነግሮ ሊያስፈቅድ አስቦ ነው በሰው ግድግዳ ላይ የመታልኝ።

«ከዚያ ቅዳሜ ሲመለስ እራት አልበላም» አለች እናቴ። «ምን ሆነሃል ብለው፣ ልጅቷ ቤት ነበራት አለኝ። እስከ ዛሬ ቤት ነበራት፣ እኔ አላውቅም ነበር። ባውቅ ኖሮ እኔም አብሬያት እኖርበት ነበር አለኝ።»

ነጠላዋን አስተካከለች። ያን ጊዜ ድካም ያናገረው መስሏት እንደነበርና እንዳልተረዳችው፣ እንዳልጠየቀችውም ነገረችኝ። ለምን እውነቱን እንዳልነገረኝ ደግሞ አሁን መገመት እንደምትችል አከለች። የነበራትን የሰጠች ልጅ ትሁን ብሎ ነው፤ ያልነበራት ከምትሆን።

እኔ ሰጠሃቸው አልሁት፤ እሱ ሰጠናቸው አለኝ። ያችን አንዲት ፊደል በሕፃንነቴ ሰምቼአት አላዳመጥኋትም።

እናቴን ታክሲ ተራ ድረስ ሸኝቼ ስመለስ የሕንፃ መሣሪያ ከሚሸጥበት ሱቅ ገባሁና አንድ ምስማር ጠየቅሁ። ባለሱቁ ለአንድ ምስማር ዋጋ የለውም ብሎ በነጻ ሰጠኝ። ከደጅ ድንጋይ አነሣሁ። ከመኝታ ክፍሌ በር ጀርባ ቆሜ፣ የስምንት ዓመት ልጅ ጣት በሚደርስበት ልክ መታሁት። ድምፁ በደረጃው ወረደ፤ ታች አንድ በር ተከፍቶ ተዘጋ። ሹራቤን ሰቀልሁ፤ ወደ ኋላ ሸሽቼ አየሁት።

ከዚያ ባልዲ ገልብጬ ተቀመጥሁ። ፀሐዩ ከወለሉ ወደ ግድግዳው እየወጣ ነበር። በማዶው አራተኛ ፎቅ አንድ ሰው መጋረጃ ሰበሰበ። አውሮፕላን መጣ፤ ወደ ቦሌ ዝቅ ብሎ እስኪያልፍ ጠበቅሁት፤ ካለፈ በኋላ ያለውን ዝምታም ጠበቅሁት። በሩ ክፍት ነበር። ቢሆንም በአፌ አንኳኳሁ።

ለተወሰነ ጊዜ አዳመጥሁ።

«ጫማዎን አውልቀው ይግቡ» አልሁ።